የዐሩሳ ቁጥር

«ወላሂ ከአሶሳ ወጥታ አታውቅም!» ይላል ወንድሜ ሀይደር፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ሰክቶ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ። «ስማኝ እዩኤል፣ አባቴ ሙሽራ ይጭንባት፣ መልሶ ያቆማት ነበር፤ በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ቆጣሪው ራሱ ይመሰክር የለ? ፎቶውን ልኬልሃለሁ።» እኔ ከባምባሲ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሳሎኑ በር ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ። ውሸታም! ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ በሁለት ዓይኔ፣ ባምባሲ፣ የገዛ ቤቴ ፊት ለፊት አይቻታለሁ፤ ያውም አንዴ ሁለቴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። ግን መኪና ከሚሸጥ ሰው እውነት የሚጠብቅ ሞኝ ነው ብዬ ዋጥኩት። ለጠብ ገና ቀኑ ረጅም ነው።

ዐሩሳ ነው የሚሏት መኪናዋን። በዐረብኛ ሙሽራ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣላት የአሶሳ ሰው ነው። ወተት የመሰለች ረጅም ካዲላክ ናት፣ መቀመጫዋ ቀይ ቆዳ፤ ከፊቷ ቆመህ ጅራቷን ለማየት አንገትህን ማስገግ አለብህ። አባቴ ሐጂ ባቢከር በደህናው ዘመን፣ ሰሊጥ እየነገደ ካርቱም ሲመላለስ፣ ከአንድ ባለጸጋ ገዝቶ፣ መንገዱ እንዳያጎሳቁላት በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ሎሪ ላይ አስጭኖ ነው ያመጣት። ከዚያ ወዲህ ገበያ በእግሩ፣ እርሻው በአሮጌ ላንድሮቨር፤ ዐሩሳ ግን የሙሽራ ናት። የደሃ ልጅ ትሁን የሀብታም፣ የበርታ ትሁን የሰፋሪ፣ አሶሳ ውስጥ ሐሙስ ከሰዓት የተዳረች ሴት ሁሉ በእሷ ነው የሄደችው። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ራሱ ይነዳል፤ ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። ሙሽራዋ ተኳኩላ እስክትወጣ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ጥላ ፈልጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ዐሩሳ ዛፍ ስር ቆማ ከታየች እዚያ ሰፈር ሰርግ አለ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። መስታወቷን በየሳምንቱ የምወለውለው እኔ ነበርኩ። «ያንቺ ቀን ሲመጣ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ «ክላክሱን ኩርሙክ ድረስ ነው የማሰማው።»

ቀኔ መጣ፤ አባቴ በጠበቀው በኩል ግን አልመጣም። እሱ ለወንድሙ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከእንዳለ ጋር ጠፋሁ። እንዳለ ከወሎ መጥተው ባምባሲ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነው፣ ያኔም ዛሬም ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከሳቁ በቀር ምንም አልነበረውም። የተዳርኩት አይሱዙ ላይ ነው፣ በቆሎ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዬን ነፋስ እየገፈፈኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ የዐሩሳን ኮፈን በእጁ እየመታ ማለ፦ «ይህቺ መኪና ወደዚያች ልጅ፣ ወደ ሐኒ በር ስትሄድ ቁጥሯ አንድ ብትጨምር፣ ዐለይ ጠላቅ፣ እናታችሁ ፍች ናት!» እኛ ዘንድ በጠላቅ የማለ ሰው መሐላውን ካፈረሰ ሚስቱን እንደፈታ ነው የሚቆጠረው። ምስኪኗ እናቴ የምትገባበት ጠፋት። ለከተማ ሰርግ ቆጣሪው አንድ ሁለት ማይል ቢጨምር ነው፤ ባምባሲ ደርሶ መልስ ግን ከሃምሳ ያልፋል፣ አይደበቅም። ስለዚህ እሷ ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን ታያለች። የአንድ ሴት ትዳር በመኪና ቆጣሪ ላይ ሲንጠለጠል አስቡት እስቲ! «መሐላው ጸንቷል ልጄ፣ አይቼዋለሁ» ትለኛለች በስልክ። ለእሷ እፎይታ ነው፤ ለእኔ መርዶ ነበር። ሌላው ወሬዋ የአባቴ ጾም ነው። «ረመዳን አይደል፣ ምን አይደል፣ ሦስት ሦስት ቀን ይጾማል። ምን እንደነካው እንጃ።» ሲያረጅ አላህን ፈራ እንጂ ምን ይሆናል እላታለሁ።

እኔ ግን ዐሩሳን ባምባሲ አየኋት። ሐሙስ ቀን፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዋርካ ስር ቆማለች፤ አባቴ መሪዋ ላይ ተቀምጧል፣ ነጭ ጥምጣሙ ይታያል። ባምባሲም ሐሙስ ሐሙስ ሰርግ አይጠፋም። እንግዲህ የሰው ልጅ እስክትኳል እየጠበቀ ነው፤ የእኔ በር ግን ሁለት መቶ ሜትር ራቀው። አንጀቴ እርር አለ። ሁለቱንም የበር መዝጊያ በኃይል ድርግም አድርጌ ከውስጥ ቀረቀርኩና፣ ሞተሩ ተነስቶ እስኪሄድ አልጋ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። በሌላውም ጊዜ እንደዚያው። ሁልጊዜም እንደዚያው። እናቴ ቁጥሩን አሳስታ አንብባው ይሆናል ብዬ አልነገርኳትም፤ ባምባሲ አየሁት ብላት ተፈታሁ ብላ ልትሞትብኝ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አባቴ ሞተ፣ ለቀብሩ መጣሁ፤ እናቴ አምና ክረምት ተከተለችው። አሁን ወራሽ እኔና ሀይደር ብቻ ነን። ያለ እኔ ፊርማ ዐሩሳ አትሸጥም፤ ሀይደር ሰላሳ ጊዜ የደወለልኝ ናፍቄው አይደለም።

ስልኩን ሲዘጋ ነው ያየኝ። «ያ ሐኒ፣ መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ።» ጉንጬን ሳመኝ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ በብርጭቆ አቀረበልኝ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ድሮ የአባቴ ዐንገረብ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ቆሟል። ስለ ማንጎ አወራን፤ ዘንድሮ ረከሰ፣ ማዳበሪያ ሙሉ በሻይ ዋጋ ሆነ፣ እየበሰበሰ ነው አለኝ። ስለ ቤንዚን አወራን። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጡት ውሃ ይቀላቅሉበታል አለኝ። ሁለት የአንድ እናት ልጆች ስለ ቤንዚን ሲያወሩ ሌላው ወሬ አልቆባቸዋል ማለት ነው።

«ገዢው እዩኤል በስድስት ሰዓት አውሮፕላን ይገባል» አለኝ። «አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ሊያከራያት ነው። ምሳ ይበላል፣ ያያታል፣ ስምንት ሰዓት ውልና ማስረጃ ገብተን እንጨርሳለን። ካንቺ ፊርማሽ ብቻ ነው የሚጠበቀው።»

«እፈርማለሁ። አንዴ በዐሩሳ አሳፍረኝ።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ አልሳቅኩም፤ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ተጎልቶ ኖሮ አሁን ብድግ አለብኝ። «ከተማውን አንድ ዙር፣ ከዚያ መልስ፤ ሙሽራ እንደሚሄደው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከፈለግህ ድርሻዬንም ተወው።»

«አበድሽ እንዴ! ቁጥሩ ይጨምራላ! ልጁ ፎቶውን ይዞ ነው የሚመጣው። ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሰባት። ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ነጥቧ ራሷ ብትነቃነቅ፣ ነዳችኋታል ብሎ ዋጋ ይጥልብኛል።» ተነስቶ የመኪናዋን ሰነድ ብብቱ ስር ሸጎጠ። ከበሩ ሲደርስ ግን ዞር አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም ሀይደር፣ ጥድፊያ ነው የገደለው። «ከፈለግሽ ገብተሽ ቁጭ በይባት፤ ማን ከለከለሽ? ብቻ እንዳትነቃነቅ።»

ሲወጣ ጓሮ ሄድኩ። ዐሩሳ ከማንጎው ዛፍ ስር፣ ከቆርቆሮው ጥላ ውስጥ፣ ሸራዋ ተገልጦ ቆማለች። ጋሽ ይልቃል ያጥባታል። ስልሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ እሱም ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር የመጣ፣ ከእርሻው ይልቅ ጋራዡን የመረጠ፣ ዕድሜውን ሙሉ የአባቴ መካኒክ። ሰላም ብዬው የኋላውን በር ከፈትኩና ቀዩ ቆዳ ላይ ተቀመጥኩ። በተቀመጥኩበት በኩል፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ የሂና እድፍ አለ። የስንቷ ሴት እጅ ነው? አብረውኝ የተማሩት፣ አብረውኝ ውሃ የቀዱት፣ ሁሉም እዚህ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እዚህ አሳርፈው፣ እናታቸው እያለቀሰች ሄደዋል። እኔም እጄን እዚያ አሳረፍኩ። ሻካራ ነው እጄ፣ ዱቄትና ሳሙና ሲበላው የኖረ። መኪናዋ ዝም ብላለች። ማንጎ ከላይ ቆርቆሮው ላይ ጓ ብሎ ሲወድቅ ደንግጬ ብድግ አልኩ። የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠች የአርባ አምስት ዓመት ሙሽራ! ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል? አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ይልቃል ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና መጣ። «ምነው ሐኒዬ?»

ነገርኩት። ደግሞም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንዳለ ወፍጮ ቤት ከሹፌሮች ጋር ስለሚውል የማያወራልኝ ነገር የለም፤ ሹፌሮች ቆጣሪ እንዳይቆጥር አንድ ገመድ ይፈታሉ ብሎኝ ያውቃል። «ጋሽ ይልቃል» አልኩት፣ «ያቺን የቆጣሪ ገመድ ፍታልኝና አንድ ዙር አዙረኝ። ቁጥሩ አይነቃነቅም፣ ሀይደርም አያውቅም።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ባልዲውን ገለበጠና ላዩ ላይ ተቀመጠ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። «አንቺም እንደ አባትሽ?»

«እንዴት?»

«በዚች ግቢ ይቺን ነገር የለመነኝ ሁለተኛ ሰው አንቺ ነሽ። ሐጂ፣ እናትሽ በሕይወት እያለች እንዳልተነፍስ አስምለውኝ ነው ዝም ያልኩት። እሷም አረፈች፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ እግርሽን አላነሳሽ፤ በስልክ እሚነገር ነገር አልሆነልኝም።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «በዓመት ሦስትም አራትም ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ለጥገና ነው ብለው ጋራዥ ያመጧታል። እኔ ከስር ገብቼ ገመዱን እፈታለሁ፤ እሳቸው ባምባሲ ይሄዳሉ። ሲመለሱ መልሼ እገጥማለሁ። ሐጂ፣ ይሄ መሐላ ማፍረስ አይሆንም ወይ? አልኳቸው አንድ ቀን። ‹ቁጥሯ አልጨመረም፣ በሯም አልደረስኩም› አሉኝ። አላህን ግን ፈሩ። በሄዱ ቁጥር ተመልሰው ሦስት ሦስት ቀን ይጾማሉ፣ ለመሐላው ካሳ ይሁነኝ ብለው።»

የእናቴን ድምፅ ሰማሁት፣ ረመዳን አይደል፣ ምን አይደል ስትል። «ባምባሲ የሚሄደው ግን ለሰርግ አልነበረም? ሙሽራ ሊጭን?»

«የምን ሙሽራ! ዐሩሳ ከአሶሳ ውጭ ለሰርግ ወጥታ አታውቅም፤ ስንቱ ለምኗቸው እንቢ ብለዋል። ወንድምሽ እሚለው ይቺን ነው፤ እሱም እሷን ብቻ ነው እሚያውቃት። እሳቸው አንቺን ሊያዩ ነበር። ‹ሙሽራ እምጠብቅ ይመስላቸዋል፣ ማንም አይጠይቀኝም› ይሉኝ ነበር።»

«አዩኝ?» አልኩ። ለአባቴ አንቱ ብዬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአፌ ወጣ። «ምን ይሉህ ነበር ሲመለሱ?»

ጋሽ ይልቃል ወደ መሬት አየ። ሰው መሬት ሲያይ መልሱ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «አንድ አንዴ፣ ልጅ አዝላ አየኋት ይላሉ። ወፈረች፣ ከሳች ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ‹በሩን ዘጋችው› ነበር እሚሉኝ። ‹ብትወጣ ኖሮ መሐላውን እዚያው ነበር የምሰብረው› አሉኝ አንድ ቀን። ‹በሩን ዘጋችው ይልቃል።› ዓይናቸው ደክሞ መንዳት እስኪያቅታቸው ሄዱ።»

ደረቴን ደበደብኩ፤ ጋሽ ይልቃል እጄን ያዘኝ። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ሰውዬው ሞኝ የሆነ ተንኮል ፈጥሮ፣ አላህን በገመድ ሊያታልል ሞክሮ፣ ሦስት ቀን ሊጾምበት ይመጣል፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ሁለት መቶ ሜትር ነበረች። እሱ አንድ እርምጃ አልቀረበም፣ እኔም አልቀረብኩም። ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

«ፍታው» አልኩት። «ከተማ አልዞርም። እሱ የሚሄድበት ውሰደኝ።»

ጋሽ ይልቃል ሰዓቱን አየ፣ ሦስት ተኩል ነበር፤ ወደ በሩም አየ፤ ከዚያ ጆንያ አንጥፎ ከስር ገባ። ሞተሩ በሁለተኛው ነው የተነሳው። ከግቢው ስንወጣ ሱቅ ደጃፍ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ፣ ሰርግ መስሏቸው። ጋሽ ይልቃል ክላክሱን አንዴ ነካው። እኔ ከኋላ፣ እጄ ሂናው ላይ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ተቀምጫለሁ። አስፋልቱ ላይ ስትሄድ ድምፅ የላትም፤ ውሃ ላይ የምትሄድ ነው የሚመስለው። የቀርከሃው አጥር አለፈ፣ የኬላው ወታደር ጎንበስ ብሎ የኋላውን ወንበር አየና ብቻዬን ስሆን ግራ ገብቶት አሳለፈን። ይህን ሁሉ መንገድ አባቴ ለብቻው፣ የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ሄዶበታል። ስንት ጊዜ? በጣቴ ልቆጥር ሞከርኩ። በዓመት ሦስት፣ በዓመት አራት፣ አሥራ ምናምን ዓመት። ተውኩት። አንገቴን አስግጌ ቆጣሪውን አየሁ፦ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሰባት። እየሄድን ነው፣ ቁጥሩ ግን አይሄድም።

ባምባሲ ስንደርስ ጋሽ ይልቃል ሳይጠይቀኝ ዋርካው ስር አስገባትና ሞተሩን አጠፋ። ወርጄ ጋቢና ገባሁ፣ ከጎኑ፣ አባቴ የሚያይበት በኩል ለማየት። የቤቴ በር ፊት ለፊት ነው። ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። የመዝጊያው አረንጓዴ ቀለም የተላጠው ይታያል። መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይታያል። ጠዋት ቆልፌው የወጣሁት ቁልፍ ራሱ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ይታያል። ከዚህ ተቀምጦ፣ መዝጊያው ድርግም ሲል ሳይሰማው አይቀርም።

«ጋሽ ይልቃል» አልኩት፣ «ገመዱን ግጠመው።»

«ምን?»

«ግጠመው። ከዚህ እስከ ቤቴ በር ይቁጠር። ስንመለስም ይቁጠር፣ እስከ አሶሳ።»

«ሐኒዬ፣ ወንድምሽ ይገለናል እኮ! ልጁ ፎቶውን ይዞ…»

«ለልጁ እኔ ራሴ ነው የምነግረው። ዝቅ አድርጎ ከገዛ ጉድለቱን ከእኔ ድርሻ ይቀንሱ። ሀይደር ደግሞ ይጩህ፤ ጩኸት ለምጃለሁ። እናቴ እንደሆነች ከእንግዲህ የሚፈታት የለም።»

ሽማግሌው ጆንያውን አንጥፎ ከስር ገባ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኛል፣ ትንፋሹም ይሰማኛል። አፈር ለብሶ ወጣ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ መሪውን ያዘ። ዐሩሳ ከዋርካው ጥላ ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ወደ ቤቴ የምትወስደውን የአፈር መንገድ ያዘች። የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ። ቤቴ በር ጋ ስትደርስ ቆመች።

ወረድኩ። ቁልፉ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ከፈትኩት። ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ግድግዳው ገፋሁ፣ እንዳይመለሱም ድንጋይ አስደገፍኳቸው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞርኩና፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳይገደኝ፣ «አባ፣ ግባ» አልኩ።

ጋሽ ይልቃል ከመሪው ላይ ቀና አላለም። ቆጣሪው ላይ አጎንብሶ፣ ጣቱን በመስታወቱ ላይ አድርጎ፣ የነጥቧን ቁጥር አነበበ።

«አንድ ጨመረች» አለኝ።